አራቱ ኖዝሎች
የአሮጌ ናፍጣ መኪና ኢንጀክተር አቀያየርና አስተካከል

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በመካነ ኢየሱስ ከተማ የቀረበ ንግግር)






በዛሬው ፕሮግራም ስሜ «የናፍጣ ሞተር» ከሚል ርዕስ ጎን ተጽፎ ስታዩ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን አይቻለሁ። የልማት ሠራተኛ ስለ መስመር አዘራር፣ ስለ ኮምፖስትና ስለ ዋግ ይናገራል እንጂ ከመኪና ጋር ምን አገናኘው ብትሉ እውነት አላችሁ። መካኒክ አይደለሁም። በኮሌጅ የተማርኩት የእጽዋት ሳይንስ ነው፤ ስለ እርሻ መሣሪያም የወሰድነው አንድ ኮርስ ብቻ ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ከኮርሱ ያገኘሁት አይደለም። ማኅበራችን ሁለት ጊዜ ገንዘብ ከከሰረ በኋላ፣ ከአንድ ባለሙያ አጠገብ ሁለት ቀን ቆሜ እየጠየቅሁ የተማርኩት ነው። ከጥፋቱም ውስጥ የእኔ ድርሻ ስላለበት ሌላ ሰው ከሚናገረው እኔ ብናገረው ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ወር የማኅበራችን አሮጌ ቶዮታ ፒካፕ የስንዴ ምርጥ ዘር ጭኖ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ቀበሌያችን ይወጣ ነበር። እኔም ጋቢና ውስጥ ነበርኩ። ዳገቱ ግማሽ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ጉልበት አጣ። ሾፌራችን ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማርሽ ቢያወርዱትም መኪናው መንፏቀቅ ጀመረ። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ መንገዱ አይታይም፤ ጥቁር ጭስ ብቻ ነው። ሞተሩም ውስጡ በመዶሻ የሚቀጠቀጥ ይመስል ይንኳኳል።

«ጋሼ፣ ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይኸ ኖዝል ነው። ባለፈውም እንዲሁ ነው ያደረገኝ።»

ባለፈው ያሉት የመጋቢቱን ነው። በመጋቢት አራቱም ኖዝሎች በአዲስ ተቀይረው ነበር። ገና ሦስት ወር አልሞላቸውም።

ዘሩን ከመንገድ ዳር አውርደን በአህያ አጓጓዝነው፤ ሁለት ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን ዝናብ ያዘንና ከጆንያዎቹ ጥቂቱ ረጠቡ። አንዲት የማኅበሩ አባል የሆኑ እናት መጋዘኑ በር ላይ ቆመው «እኔ ገንዘቤን በሚያዝያ ከፍያለሁ፤ ዘሬ የት አለ?» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ኖዝል ተበላሸ ብላቸው ምን ይገባቸዋል? ቢገባቸውስ ምን ይጠቅማቸዋል?

አሁን ይህ ኖዝል የሚባለው ነገር ምን እንደሚሠራ ላስረዳ። ጋራዥ ውስጥ መላውን ዕቃ «ኖዝል» ይሉታል። ሙሉ ስሙ ኢንጀክተር ነው፤ ኖዝል ጫፉ ላይ ያለችው መርጫ ናት። ለእናንተ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ሁላችሁም የጀርባ መርጫ ታውቃላችሁ። የመርጫው ጫፍ ደህና ሲሆን መድኃኒቱ እንደ ጉም ይበተናል፤ ቅጠሉን ሁሉ ያዳርሳል። ጫፉ ሲበላ ወይም ሲደፈን ግን በአንድ ወገን ይተፋል፣ ያንጠባጥባል፤ መድኃኒቱ ያልቃል፣ አረሙ ግን አይሞትም። የሞተሩም ኖዝል ሥራ ይኸው ነው። ልዩነቱ ጉልበቱ ላይ ነው። የጀርባ መርጫ የሚሠራው በካሬ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስት ኪሎ በሚሆን ግፊት ነው። የአሮጌ ፒካፕ ኖዝል የሚከፈተው እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ100 እስከ 155 ኪሎ በሚደርስ ግፊት ነው። አይሱዙን በመሳሰሉት የድሮ የጭነት መኪናዎች ደግሞ ከዚህም በላይ ነው።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር እሳት የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም። ማለዳ ሲነሳ የሚያሞቁት ካንዴላዎች ቢኖሩም ሥራቸው ማስነሳት ላይ ያበቃል። ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው የታመቀው አየር ራሱ ነው። ፒስተኑ አየሩን ሃያ እጥፍ ያህል ሲያምቀው ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ናፍጣው እንደ ጉም ሆኖ ከገባ ወዲያው ይነዳል። ጠብታ ሆኖ ከገባ ግን ውጪው ነዶ ውስጡ ጥላሸት ይሆናል፤ ከኋላችን ያየነው ጥቁር ጭስ ይህ ነው። በገንዘባችን የገዛነው ናፍጣ ሳይሠራ ወደ ሰማይ ሲወጣ ማለት ነው። ኖዝሉ ሲያንጠባጥብ ደግሞ ናፍጣው ያለ ሰዓቱ ይነዳል፤ መንኳኳቱ ከዚያ ይመጣል። እንዲህ እየተባለ ብዙ ከቆየ ፒስተኑን እስከ መብሳት ይደርሳል።

ሞተሩን የፈጠረው ሩዶልፍ ዲዝል የተሳካ ሙከራውን በጀርመን አገር ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ያን ጊዜ ናፍጣውን የሚረጨው በሌላ መጭመቂያ በታመቀ አየር ነበርና ሞተሩ ከፋብሪካ ግድግዳ የሚወጣ አልነበረም። መኪና ላይ ሊወጣ የቻለው ናፍጣውን ራሱን በከፍተኛ ግፊት የሚገፋ ትንሽ ፖምፓ ሲገኝ ነው፤ የቦሽ ኩባንያ ይህን ፖምፓ በብዛት ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ብረት ቀልጦ ሴባስቶፖል የተሠራበት ጋፋት እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ መሆኑን ሳስብ፣ እኛ የብረት ሥራ ጨርሶ እንግዳ አልነበርንም እላለሁ። ይህ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ስለ ብዛቱም ልንገራችሁ። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ኖዝል 1,000 ጊዜ ይረጫል። በሁለት ሰዓት መንገድ 120,000 ጊዜ መሆኑ ነው። በውስጡ ያለችው መርፌ ከቤቷ ጋር ያላት ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነው። ለዚህም ነው መርፌና ቤት አብረው ተፍቀው እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩት፤ የአንዱን መርፌ ለሌላው ቤት መስጠት አይቻልም። ሲያጥቡ መቀላቀልም አይገባም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በመጋቢት መኪናው ማጨስ ሲጀምር ኮሚቴው እንደ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ አሰብስቦ ዝቅተኛ ዋጋ ካቀረበው አራት ኖዝል ገዛ። ማንም አልመረመረም። የድሮዎቹ በምን ተበላሹ? አዲሶቹስ በስንት ኪሎ ይከፈታሉ? ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም በስብሰባው ላይ ነበርኩ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ፊርማዬ አለ። በሰኔ መኪናው ሲቆም ግማሹ አባል «ይሸጥ» አለ፤ ግማሹ «ፖምፓውም ይቀየር» አለ። በመጨረሻ ሾፌራችን «አንድ ጊዜ ፖምፒስታ ይየው» ብለው ለመኑ። በደብረ ታቦርና በወረታ አድርገን እያዘገምን ባሕር ዳር ገባን።

ባለሙያው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ምንም መሣሪያ አልጠየቀም። ሞተሩን በሚኒሞ እያሠራ ወደየኖዝሉ የሚሄደውን የብረት ቱቦ ዳዶ በየተራ ላላ፣ መልሶ ጠበቅ አደረገ። ደህናው ኖዝል ናፍጣው ሲቋረጥበት ሞተሩ ይንገዳገዳል። የተበላሸው ሲቋረጥ ግን ድምፁ አይለወጥም፤ እንዲያውም መንኳኳቱ ይቀንሳል። በዚህ ብቻ ሁለተኛውና አራተኛው ታመዋል አለ። ይህን ፈተና ማንኛውም ሾፌር ሊሠራው ይችላል፤ ነገር ግን ዓይኑን በመነጽር፣ እጁን በጓንት መከለል፣ ዳዶውንም ጥቂት ብቻ ማላላት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ከኖዝል ጫፍ በሚረጭ ናፍጣ ፊት እጃችሁን በጭራሽ አታስገቡ። ግፊቱ ቆዳ ይበሳል። ቀዳዳው የመርፌ ያህል ስለሆነ ሰው «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ይተኛል፤ ናፍጣው ግን ውስጥ ገብቶ ሥጋውን ይገድላል። ጣት እስከ መቆረጥ ያደርሳል። እንዲህ ያጋጠመው ሰው ባይታመምም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ከዚያ ዙሪያውን በደንብ አጥቦ፣ በአየር ነፍቶ፣ ኖዝሎቹን ፈታቸው። ሳይታጠብ ቢፈታ በላዩ የተጋገረው የእኛ መንገድ አቧራ ወደ ሞተሩ ይገባ ነበር። አንድ በአንድ በእጅ ግፊት በሚሠራው መፈተሻ ላይ ሰቀላቸው። በግፊት መለኪያው ያየሁትን አልረሳውም። አራቱ አዲስ ኖዝሎች አራት የተለያየ ቁጥር አሳዩ፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ከሠላሳ ኪሎ በላይ ልዩነት ነበር። ሁለቱ እንደ ጉም ይረጫሉ። አንዱ ወደ ጎን ይተፋል። አራተኛው ከመከፈቱም በፊት ያለቅሳል። ደህና ኖዝል ከመክፈቻ ግፊቱ አሥር ኪሎ ያህል ዝቅ አድርገው ቢይዙት ለአሥር ሴኮንድ አንዲት ጠብታ እንኳ ጫፉ ላይ መታየት የለባትም። የእኛ ሦስት ሴኮንድ አልቆየም።

ይህ ማለት ሞተሩ አራት በሬ ተጠምዶ አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ፣ አንዱ ቆሞ እንደሚያርስ ነበር። ቀድሞ የሚከፈተው ቀድሞ ይረጫል፣ ብዙም ይረጫል፤ ዘግይቶ የሚከፈተው ጥቂት ይረጫል። «አዲስ ነው» ብሎ ከካርቶን አውጥቶ መግጠም የማይበቃው ለዚህ ነው።

ማስተካከሉ በራሱ ከባድ ዘዴ የለውም፤ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው። በኢንጀክተሩ ሆድ ውስጥ መርፌዋን የሚጫን ሞላ አለ። በሞላው ላይ ሺም የሚሏት ስስ የብረት ቀለበት ትቀመጣለች። ወፍራም ሺም ሲገባ ሞላው ይበልጥ ይጨመቅና የመክፈቻው ግፊት ከፍ ይላል፤ ስስ ሲገባ ዝቅ ይላል። በድሮ ቶዮታዎች 0.05 ሚሊ ሜትር የውፍረት ልዩነት ግፊቱን በስድስት ሰባት ኪሎ ይለውጠዋል። ባለሙያው እየፈታ፣ ሺም እየለወጠ፣ እንደገና እየሰቀለ አራቱንም የሞተሩ መጽሐፍ ወደሚለው ቁጥር አመጣቸው። ሁለቱን ጫፎች ግን ማዳን ስላልተቻለ በጥሩ ዕቃ ተቀየሩ። አራት ሳይሆን ሁለት ብቻ ገዛን ማለት ነው።

ሲገጥምም የተማርኩት አለ። ከኢንጀክተሩ ሥር የምትቀመጠው የመዳብ ሮንዴላ ሁልጊዜ በአዲስ ትቀየራለች፤ አንዴ የተጨፈለቀች ሮንዴላ ዳግም አትዘጋም። የሚገርመው ከእኛ አንደኛው ጉድጓድ ውስጥ አሮጌዋ ሮንዴላ ተጣብቃ ቀርታ፣ የመጋቢቱ ሠራተኛ አዲሷን ከላይ ደርቦባት ነበር። በዚህ ኢንጀክተሩ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ጋዝ ያሾልክ ነበር። ስለዚህ ጉድጓዱን በባትሪ መብራት አይቶ አሮጌዋ መውጣቷን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ኢንጀክተሩ የሚጠብቀው በጉልበት ሳይሆን ልክ በሚያሳይ ቁልፍ ነው። በመጨረሻም አየሩ ይወጣል፤ ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር መጫን፣ የቱቦዎቹን ዳዶ አላልቶ ሞተሪኖውን ናፍጣ እስኪታይ ድረስ አጠር አጠር አድርጎ ማዞር፣ ከዚያ ማጥበቅ ነው። ሞተሪኖውን ሳያሳርፉ ማዞር ማቃጠል ነው።

ሞተሩ ሲነሳ ሾፌራችን ጆሯቸውን ወደ ቦኔቱ አስጠግተው ዝም ብለው ቆሙ። «ይኸው፣ ይኸ ነው ድምፁ» አሉ። ከዚህ በላይ ምስክር አልፈለግሁም።

ነገር ግን ባለሙያው አልጨረሰም። የተበላሸችውን መርፌ በማጉያ መነጽር አሳየኝና «ናፍጣችሁን የት ነው የምታስቀምጡት?» ሲል ጠየቀኝ። መርፌዋ ላይ ቡናማ ነቁጥ ነበረባት። ዝገት ነው። ውኃ ነው።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ቀበሌው ከማደያ ስለሚርቅ ናፍጣ በበርሜል እናስቀምጣለን፤ ከበርሜሉ ወደ መኪናው የምገለብጠው ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ። የምገለብጥበት ጀሪካን ለመርጫ ውኃ የምቀዳበት ነበር። አራግፌ፣ አንጠባጥቤ ደርቋል ብዬ ነው። በርሜሉም ከመጋዘኑ ውጪ ቆሞ፣ ክዳኑ ላይ ዝናብ እያቆረ፣ ግማሽ ባዶ ሲሆን ሌሊት በሚቀዘቅዘው አየር ውስጡ ጤዛ እየያዘ ይከርም ነበር። የድሮዎቹን ኖዝሎችም፣ የመጋቢቶቹንም የጨረሰው ይኸው ነው። ሌላ አራት ቢገዛ ሌላ አራት ይጨርስ ነበር። የዚህ ዓይነቱ መኪና ፖምፓ ደግሞ ሌላ ዘይት የለውም፤ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው። ውኃ ያዘለ ናፍጣ፣ ወይም አንዳንዱ ዋጋ ለመቀነስ ላምባ የሚቀላቅልበት ናፍጣ ከኖዝሉ አልፎ ፖምፓውን ይበላል። የፖምፓ ዋጋ ደግሞ የኖዝል ዋጋ አይደለም።

አሁን በርሜሉ ጣሪያ ሥር በእንጨት ላይ ጋደም ብሎ፣ ከአፉ በኩል ጥቂት ከፍ ተደርጎ ተቀምጧል። ከመቅዳታችን በፊት አንድ ቀን ሳይነቃነቅ ይውላል፤ ከሥሩ ያለው ጥቂት ናፍጣ አይቀዳም። ጀሪካኑ «ናፍጣ ብቻ» ተብሎ ተጽፎበታል። የመኪናው ታንክ ማታ ሞልቶ ያድራል። ከፊልትሮው ሥር ያለው ማፍሰሻ በየሳምንቱ በብርጭቆ ይፈተሻል፤ ውኃው ከሥር፣ ናፍጣው ከላይ ሆኖ በዓይን ይታያል። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አላስወጣንም።

ጉና ሥር ላላችሁና ለጋይንት ወንድሞቼ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጭስ ሁሉ የኖዝል ጥፋት አይደለም። መካነ ኢየሱስ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በ3,000 ሜትር የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፖምፓው የሚሰጠው ናፍጣ ያው ሆኖ አየሩ ስለሚሳሳ አሮጌ መኪና ከደብረ ታቦር ወደ ላይ ሲወጣ ጥቂት ቢያጨስ የሚጠበቅ ነው። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አስቀድሞ የአየር ፊልትሮው ይታይ። ሜዳ ላይ ባዶውን ሆኖ የሚያጨስና የሚንኳኳ ከሆነ ያን ጊዜ ኖዝሉ ይፈተሽ። «ጉልበት ይጨምራል» እየተባለ በፖምፓው ላይ የታሸገችውን ብሎን መፍታት ግን ጭሱን መጨመር ነው። የተደፈነ ኖዝልንም በሽቦ መውጋት፣ መርጫውን በእሾህ እንደምንወጋው ማለት ነው፤ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ ወዲያ አይረጭም።

የተናገርኩት ሁሉ ለድሮዎቹ ናፍጣ መኪናዎች መሆኑንም አስታውሳለሁ። አዲሶቹ በኮምፒውተር የሚታዘዙ ሞተሮች ከ1,000 ኪሎ በላይ በሆነ ግፊት ስለሚሠሩ እነሱን በሜዳ ላይ መንካት አይገባም።

ለሥራ ኃላፊዎች የምለው አለኝ፤ በድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ቀረጥ እጅግ ከፍ አድርጎታል። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሳት ጀምሯል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ማኅበራት በእጃቸው ያለውን አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ይነዱታል፤ ናፍጣውንም በውድ ይገዙታል። ሆኖም የግዢ ደንባችን ዝቅተኛ ዋጋ ይጠይቃል እንጂ «ተፈትሿል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሆነብን። ኖዝል ሲገዛ ሻጩ በመፈተሻ ላይ ሰቅሎ የመክፈቻ ግፊቱን በወረቀት ጽፎ እንዲሰጥ በግዢ ጥያቄው ላይ አንድ መስመር ቢጨመር አዲስ አዋጅ አያስፈልገውም።

ለቦርዱም ያቀረብኩት ሐሳብ አለ። በእጅ የሚሠራ የኖዝል መፈተሻ ትልቅ ማሽን አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ዩኒየኑ አንድ ቢኖረው ለፒካፕና ለአይሱዙ ብቻ ሳይሆን ለየማኅበሩ የሊስተር ወፍጮና ለመስኖ ናፍጣ ፓምፖችም ያገለግላል፤ የእነሱም ኖዝል ሥራው አንድ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉ ልጆች አሉን። አንዳንድ የቦርድ አባላት «ዩኒየን ጋራዥ አይደለም» ብለውኛል። መልሴ፣ ወፍጮ ሲቆም እህል ተሸክማ ሌላ ቀበሌ የምትሄደው የማኅበሩ አባል ናት የሚል ነው። ጉዳዩ ገና አልተወሰነም፤ በከሰዓቱ ስብሰባ አጀንዳ ላይ አለ።

ከመጋቢቶቹ ኖዝሎች የተጣሉት ሁለቱ፣ ከእነሱ በፊት የነበሩት ሁለት የድሮዎቹም እዚህ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ማጉያ መነጽርም አምጥቻለሁ። በሻይ ሰዓት እየመጣችሁ የመርፌዎቹን ጫፍ እዩልኝ፤ ነቁጡ በግራ በኩል ባለችው ላይ ጎልቶ ይታያል። ሾፌራችንም እዚሁ አሉ፤ ስለ ድምፁ እሳቸውን ጠይቋቸው።